አባቴ ከሶፋው አልነሳ አለ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 72 ዓመቱ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነበር። አምና ከድሮ ሰፈራችን ተነስተን ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ዕድርተኞቹ ተበታተኑ። ከዚያ ወዲህ ቲቪ ፊት ተቀምጦ ይውላል። ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ቁጭ ይላል። "አባዬ፣ እስቲ ወጣ በል" ስለው "የት ልሂድ? ማን አለኝ?" ይላል። ቱታ ገዛሁለት፣ እስካሁን ከነላስቲኩ ነው። ግፊት አለበት፣ መድኃኒት ይወስዳል።

የጠዋት ሯጭ፦ እንጦጦ ውሰጃቸው እህቴ! አየሩ ብቻውን ያድናል።

ሲስተር፦ ኧረ እንጦጦ ይቆይ! ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ግፊት ያለበት ሰው ከሶፋ ተነስቶ ዳገት አይጀምርም። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ይበሉ፣ 5 ጊዜም ቢሆን። የግፊት መድኃኒት ድንገት ሲነሱ ሊያዞር ስለሚችል ቀስ እያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ እንዳይወድቁ 3 ቀን ሚዛን የሚያጠነክር ነገር ይጨምርበታል፤ ግን ቁጥሩን አሁን አትጫኚባቸው፣ ዛሬ 5 ደቂቃ ከሄዱ ተመስገን ነው። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው። ደረታቸውን ከተጫናቸው ወይም ካዞራቸው ያቁሙ፣ ይታዩ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን እንቅልፉና "ማን አለኝ" ያሉት ነው። እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ከ2 ሳምንት በላይ እንዲህ ከቆዩ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና አለው። ጤና ጣቢያ ግፊት ሲለኩ ይሄንንም ንገሪልኝ። "ሞቴ ይሻላል" ዓይነት ነገር ካሉ ደግሞ በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

የጡረተኛ ልጅ፦ ስፖርት የሚለውን ቃል ተዪው። የኔም አባት "በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልቀድም ነው?" እያለ ይስቅብን ነበር። ዳቦ ግዛልን አልነው። ሱቅ እታች አለ፣ እኛ ግን አውቀን ራቅ ወዳለው ዳቦ ቤት ነው የምንልከው። መንገድ ላይ ዳማ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አገኘ፣ አሁን ዳቦው እስኪደርስልን ቁርስ ያልፋል። ሹፌር ግን በእግር መሄድ ሊከብደው ይችላል፣ ሃሃ፣ ዘዴ ፈልጊ።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ከፎቅ መውረድ የሚያስጠላቸው መልሶ መውጣቱን እያሰቡ ነው። እኛ ለእናቴ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ኩርሲ አስቀመጥንላት፣ እያረፈች ትወጣለች። የመጀመሪያውን ሰው ወሰደብን፣ ሁለተኛውን በሰንሰለት አሰርነው።

ጠያቂ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ኩርሲውን ዛሬ አወጣሁት። አባዬ ከበር ላይ አየኝና "ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አለ። "ለእንግዳ" አልኩት። ወርዶ ተቀመጠበትና "ይነቃነቃል፣ እግሩ መጠበቅ አለበት" ብሎኝ አሁን ሚስማር ፍለጋ ወርዷል።