ኔትወርክ ለመማር ከየት ልጀምር? (ባሕር ዳር)

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ታናሽ እህታችሁ ነኝ። ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ነው የምሠራው። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ኢንተርኔት፣ ሁሉም አለ። አንድ ራውተር፣ ባለ 16 ፖርት ስዊች፣ አሥራ ምናምን ኮምፒውተር። ኔትወርኩ ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን አንዱ መጀመሪያ ኦኤስአይን (የኔትወርክ ደረጃዎችን ዝርዝር) ሸምድጂ ይላል፣ ሌላው በቀጥታ ሲሲኤንኤ (የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ፈተና) ግቢ ይላል። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የማይበት ዳታም የለኝም። ከምን ልጀምር? ሌላው፣ ሰሞኑን ሁለት ኮምፒውተሮች በ169.254 የሚጀምር አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) እያመጡ ኢንተርኔት እምቢ ብለዋል። ምን ማለት ነው?

የፖሊ ልጅ፦
እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ ትምህርቱ እዚያው ውስጥ አለ። 169.254 ካየሽ ኮምፒውተሩ አይፒ ጠይቆ መልስ አጥቷል ማለት ነው። አይፒ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ነው፣ እናንተ ጋ ራውተሩ ውስጥ ይሆናል። መልስ ሲጠፋ ዊንዶውስ ከዚያ ክልል ለራሱ አንድ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ለጊዜው እርሺው። የምትፈትሺው ከዚያ ኮምፒውተር እስከ ራውተሩ ያለውን መንገድ ነው። ገመዱ የተሰካበት ፖርት ላይ መብራት አለ? ከሌለ ገመዱን ቀይሪ፣ ከዚያ ፖርቱን። መብራት ካለ ሲኤምዲ (ዊንዶውስ ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍተሽ አይፒኮንፊግ /ሪሊስ (የያዘውን ይለቃል)፣ ቀጥሎ አይፒኮንፊግ /ሪኒው (እንደገና ይጠይቃል) በይ። አሁንም እምቢ ካለ ራውተሩ ውስጥ ግቢና የሚያድለው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ እዪ። የደንበኛ ስልክ ሁሉ በዋይፋይ የሚገባ ከሆነ ቁጥሩን ስልኮቹ ቀድመው ይጨርሱትና ዘግይቶ የበራው ኮምፒውተር ባዶ እጁን ይቀራል። እኔ የምጠረጥረው ይሄንን ነው።

አየሽ፣ መጀመሪያ ገመድ፣ ከዚያ ስዊች፣ ከዚያ አይፒ። ኦኤስአይ የሚባለው ባለ 7 ደረጃ ነገር ጥቅሙ ይሄው ነው፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መፈተሽ። ስሞቹን ብቻ መሸምደድ ራውተር ፊት ስትቆሚ አይረዳሽም።

ገመድ ዘርጊ፦
ልክ ብሏል። እኔ ስለ ገመዱ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው እሱን ነው። ክሪምፐር (መሰኪያውን ገመዱ ላይ የሚነክስ መሣሪያ)፣ ቴስተር (የገመድ መፈተሻ) እና ትንሽ ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ግዢና በእጅሽ እሠሪ። የውስጥ ሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው። የተጠማዘዙትን ጥንዶች ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቻቸው፣ የውጭው ልባስም አርጄ 45ቱ (ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ) ውስጥ ገብቶ መነከስ አለበት። ልባሱ ውጭ ከቀረ ዛሬ ይሠራል፣ ከርሞ አንድ ሰው ወንበር ሲስብ ይነቀላል።

ከ100 ሜትር በላይ ደግሞ በመዳብ ገመድ አትሞክሪ። እዚህ ሐይቁ ዳር ካሉ ሎጆች አንዳንዶቹ ከእንግዳ መቀበያው እስከ መጨረሻው ክፍል ከዚያ ይርቃሉ። ከሕንፃ ሕንፃ በአየር ላይ የሚሄድ ከሆነ ፋይበር ነው መሆን ያለበት፤ የኛን የክረምት መብረቅ ታውቂዋለሽ፣ በመዳቡ ገብቶ ስዊቹንም ኮምፒውተሩንም ያቃጥላል። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ሰብኔት፦
ሲሲኤንኤን ግን አትፍሪው። ፈተናውን ባትወስጂውም የትምህርት ዝርዝሩ ጥሩ መንገድ መሪ ነው። የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር (ስክሪን ላይ ኔትወርክ ሠርተሽ የምትለማመጅበት ፕሮግራም) በነፃ ይገኛል፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ አንዴ ካወረድሽው ልምምዱ ዳታ አይበላም። ሌላውን የመለማመጃ ፕሮግራም፣ ጂኤንኤስ 3ን፣ ለኋላ አቆዪው፣ ማሽኑን ያንቀዋል።

ሰብኔትን (ኔትወርክን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈልን) ግን በወረቀትና እርሳስ ተማሪ፣ ካልኩሌተር ሳትነኪ። /24 የሚባለው የኔትወርክ መጠን ላይ 256 ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው የኔትወርኩ ስም ነው፣ የመጨረሻው ለብሮድካስት (ለሁሉም ለሚላክ መልእክት) ነው፣ ለዕቃ የሚሰጠው 254 ይሆናል። /26 ስታደርጊው አራት ቦታ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 62። ይሄ ከገባሽ የቤታችሁን ኔትወርክ እንዳለ ትሬሰሩ ላይ ሥሪው። ቪላን ማለት አንዱን ስዊች እንደተለያዩ ኔትወርኮች መከፋፈል ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ቪላን 10፣ የደንበኞቹን ቪላን 20 አድርጊና እርስ በርስ ፒንግ (‹አለህ ወይ› የሚል የሙከራ መልእክት) እንደማይደራረጉ እዪ። ከዚያ ራውተር ጨምረሽ አገናኛቸው። በዚህ መሃል ጌትዌይ (ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መውጫ በር) ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሳያስረዳሽ ይገባሻል። የሱቁ ስዊች ኮንፊገር የማይደረግ ዓይነት ከሆነ ግን ቪላኑን እሱ ላይ አትፈልጊው፣ የለውም።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የምር። ገብቼ አየሁት፣ ራውተሩ የሚያድለው ከ192.168.1.100 እስከ 119 ብቻ ነው። ዝርዝሩ ላይ አብዛኛው ስልክ ነው! ወደ 199 ከፍ ሳደርገው ሁለቱም ወዲያው አይፒ አገኙ። የሊዝ ጊዜው (አንዱ ቁጥሩን ይዞ የሚቆይበት) 24 ሰዓት ይላል፣ ልቀንሰው?

የፖሊ ልጅ፦
ጎበዝ! አዎ፣ ወደ 2 ሰዓት አውርጂው፤ ጠዋት መጥቶ የሄደ ደንበኛ ስልክ እስከ ነገ ቁጥር ይዞ መቆየት የለበትም። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እዪ። ፕሪንተሩ ስንት ላይ ነው? በእጅ የተሰጠ አይፒ ካለውና አሁን ባሰፋሽው ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ስልክ ይሰጥና ይጋጫሉ። 192.168.1.20 አድርጊው፣ ከዚያ ኮምፒውተሮቹ ላይ የፕሪንተሩን ፖርት ወደ አዲሱ ቁጥር ቀይሪ።