እናቴ ጽጌን ትጾማለች፣ ወንድሜ የፈረንሳይ ምሳ ቀጠሮ ይዟል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ ከየቁስቋም ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ ከስንት ዓመት በኋላ ከሊዮን መጥቶ እናትና አባታችንን እኔንም ጨምሮ እዚሁ ጎንደር አዲስ በተከፈተው የፈረንሳይ ምግብ ቤት ምሳ ሊጋብዘን ነው። ቦታ አስይዟል፤ እሑድ ጥቅምት 30፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። እናቴ ግን ከመስከረም 26 ጀምራ ጽጌን ይዛለች። ወንድሜ «ግድ የለም፣ ዓሣ ትበላለች» ይላል፤ እሷ በጾም ዓሣ አትነካም። አባቴ ደግሞ የአሳማ ሥጋ የቆረጠ ቢላ እንኳ የሚጸየፍ ሰው ነው፤ የበሬ ከሆነ ግን ጥሬውንም አይመልስ። እኔ ራሴ ሹካ የማውቀው ለፓስታ ነው። ሜኑውን በቴሌግራም ልኮልኝ ሳየው «ፎርሙል»፣ «አንትሬ»፣ «ስቴክ ታርታር»፣ «በፍ ቡርጊኞን»፣ «ራታቱይ» ይላል። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ በቤተሰቤ ፊት እንዳላፍር። ወንድሜ ኅዳር 9 ይመለሳል።

የአራዳ እናት፦
የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ፤ ሹካው ይደረስበታል። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው እያላችሁ አታስጨንቋት። ይህን ሁሉ ቀን የያዘች እናት ቁስቋም ደጇ ላይ ቆማ ለምሳ ብላ አትፈታም። ጾሙ የሚያልቀው ኅዳር 5 ነው። ኅዳር 6 በዓሉ ነው፣ ዘንድሮ ቅዳሜ ውሏል፤ የቁስቋም ሰፈር ሰው ከሆናችሁ የዚያን ቀን ቤታችሁ እንግዳ ስለማያጣ ምሳ ውጪ የማይታሰብ ነው። እሑድ ኅዳር 7 ግን የፍስክ ቀን ነው፣ ልጁም ገና አልሄደም። ይህ ካመለጣችሁ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ከዚያ እስከ ገና ነው።

የቁስቋም ልጅ፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ቀን መቀየር እንደሚቻል ሁሉ አላሰብኩም፤ «ተይዟል» ሲለኝ እንደ አውሮፕላን ትኬት መስሎኝ። እደውላለሁ። እምቢ ካሉስ?

ነጭ ቆብ፦
እኔ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ሠርቻለሁ። እምቢ ካሉ እንዲህ አድርጊ። ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ደውለሽ «ጾም» ብለሽ ብቻ አትተዪ። አስተናጋጁ ጎንደሬ ከሆነ ይገባዋል፣ ሼፉ ፈረንጅ ከሆነ ግን «ቬጀቴሪያን» ብሎ ይተረጉመውና አይብና እንቁላል ይዞላችሁ ይመጣል። በስም እየጠራሽ ንገሪው፦ ቅቤ፣ ወተት፣ ክሬም፣ እንቁላል፣ የሥጋና የዶሮ መረቅ የሌለበት። መረቁን አትርሺ። የፈረንሳይ ወጥ ቤት የአትክልት ሾርባውን ሳይቀር በአጥንት መረቅ ያወፍራል፣ ሳህኑ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ሶሱ ላይ አንድ ጉብታ ቅቤ ይጥላል። ይህን ሜኑው ላይ አታነቢውም።

ካየሻቸው ውስጥ ለጾም የሚሆነው ራታቱይ ነው። ከደቡቡ፣ ከኒስ አካባቢ የመጣ የድሃ ምግብ ነው፤ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቃሪያና ቲማቲም በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ። ከላይ አይብ እንዳይነሰንስበት ብቻ ንገሩት።

አሁን ወደ አባትሽ። «በፍ» የበሬ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ በፍ ቡርጊኞን ሲባል ሰው ያለ ስጋት ያዛል። ግን በባህሉ በቀይ ወይን ከመቀቀሉ በፊት «ላርዶን» የሚባል የተከተፈ የአሳማ ጮማ ይገባበታል። የዶሮው ኮክ ኦ ቫንም እንደዚያው፣ ኪሽ ሎሬን የሚሉት የእንቁላል ታርትም እንደዚያው። እዚህ አገር ብዙ ሼፎች ያወጡታል፣ ሁሉም ግን አያወጣም፣ ስለዚህ ይጠየቅ። ፓቴ፣ ሶሲሶን፣ ጃምቦን የሚል ካያችሁ እለፉት። ቢላና መክተፊያ ለየብቻ መሆኑንም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ ተቆጥቼም አላውቅም።

ለአባትሽ የሚሆነው ስቴክ ታርታር ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ በቢላ ደቆ፣ ከሰናፍጭ፣ ከሽንኩርትና በሆምጣጤ ከተዘፈዘፈ እምቡጥ ጋር ይለወሳል። በሌላ አነጋገር ቅቤው ቀርቶ ሰናፍጭ የገባበት ክትፎ ነው። ከላዩ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ያስቀምጡበታል። አባትሽ በዕድሜ ገፍተው ከሆነ እሱን አስቀሩት፣ ጥሬ እንቁላል ሆድ ያውካል።

ጠላ በገንቦ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚያ ገንዘብ አንድ ሙክት ተገዝቶ ሰፈሩ ሁሉ አይበላም ነበር? ፈረንሳይ ጎንደር ላይ ምን ይሠራል?

የግንቡ አስጎብኚ፦
አቶ ገንቦ፣ ፈረንሳይ ጎንደር ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም እኮ። ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል አቋርጦ አፄ ኢያሱን ሊያክም እዚሁ ከተማ ገብቷል። ደግሞ «ሬስቶራንት» የሚለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ በመጀመሪያ አቅም የሚመልስ መረቅ ማለት ነበር፤ ለደከመው ሰው የሚሰጥ። ሙክቱም ይታረድ፣ ምሳውም ይበላ፤ አንዱ ሌላውን ከለከለ?

ጠላ በገንቦ፦
መረቅ ከሆነማ እሺ።

የሊዮን መንገደኛ፦
እኔ አምስት ዓመት ሊዮን ኖሬያለሁ፤ ወንድምሽ የሚኖርባት ከተማ በሆድቃ ምግብ ነው የምትታወቀው። «ታብሊዬ ደ ሳፐር» የሚሉት የተጠበሰ ጨጓራ አላቸው፤ ዱለት የለመደ ሐበሻ አፍንጫውን አይነፋም። ለማንኛውም ቃላቱ እነዚህ ናቸው። አንትሬ መክፈቻው ነው፣ ዋናው አይደለም። ዋናው «ፕላ» ይባላል። ፎርሙል ማለት በአንድ ዋጋ የተቆረጠ፣ መክፈቻና ዋና፣ ወይም ዋናና ጣፋጭ ማለት ነው፤ ለምሳ የሚያዋጣው እሱ ነው። ከመክፈቻው በፊት አንዲት ጉርሻ የምታክል ነገር ሳታዙ ከመጣች አትደንግጡ፣ የቤቱ ስጦታ ናት።

የተጠበሰ ሥጋ ካዘዛችሁ አስተናጋጁ እንዴት ይብሰል ይላችኋል። «ብለ» ውጪው ብቻ ለብ ለብ ያለ፣ «ሴኛን» ደም ያዘለ፣ «አ ፗን» መሃሉ ሮዝ፣ «ብዬን ኩዊ» በደንብ የበሰለ ነው። ሼፉ በብዬን ኩዊ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ፣ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ሹካና ቢላ ከውጪ ወደ ውስጥ ነው የሚነሣው፤ በመጣው ሳህን ልክ ከዳር ያለውን ማንሣት ነው። ስትጨርሺ ጎን ለጎን አጋድሚያቸው፣ አለዚያ አያነሡልሽም። ዳቦ በእጅ ይቆረሳል እንጂ በቢላ አይቆረጥም። ሌላው ትዕግሥት ነው፤ ምሳው ከሁለት ሰዓት በታች አያልቅም፣ በሳህንና በሳህን መካከል ባዶ ጠረጴዛ ማየት አለ። እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያት፣ የተረሳች እንዳይመስላት።

የቁስቋም ልጅ፦
እጅ መታጠቢያ ያመጣሉ? ጉርሻስ? እናቴ ልጇን ሳታጎርስ ከጠረጴዛ አትነሣም።

የሊዮን መንገደኛ፦
ማንቆርቆሪያ የሚያዞር የለም፤ ከመቀመጣችሁ በፊት መታጠቢያ ቤት ደርሳችሁ ኑ። ጉርሻውን ታጉርሰው። ሊዮን ውስጥ ስንት ዓመት ማንም አላጎረሰውም።

ደረሰኝ ይቆረጥ፦
ማንም ያላነሣው ሒሳብ። ዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ የጻፉት የመጨረሻው አይደለም። ብዙ ቦታ መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። 1,000 ብር ያያችሁት 1,100 ይሆንና 1,265 ሆኖ ይወጣል። ለአራት ሰው 4,000 ያሰበ 5,060 ይከፍላል፣ ውኃና ቡና ሳይጨመር። የአገልግሎቱ 10 በመቶ ካለ ተጨማሪ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

የቁስቋም ልጅ፣ ኅዳር 8፦
ለሁላችሁም። ቀኑን አንድ ስልክ ደውዬ ቀየሩልኝ፣ ወንድሜ ሦስት ቀን የተጨነቀበት ነገር ነው። ትናንት እሑድ ሄድን። ላርዶኑን ስጠይቅ ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ መጣችና «በዚህኛው ውስጥ አለ፣ በዚያኛው የለም» አለችን፣ አባቴ ከዚያ በኋላ ተረጋጋ። ታርታሩን ያለ እንቁላል አዘዘ። አንድ ጊዜ ቀምሶ ዝም አለ፣ ከዚያ «ሚጥሚጣ የላችሁም?» አለ። ልጅቷ በትንሽ ስኒ አመጣችለት፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። እናቴ የአርባ ቀን ጾሟን የፈታችው ቁስቋም ዕለት በዶሮ ነበር፤ እዚህ ግን ዓሣውን በቅቤ አጣጥማ በላች። ጠረን ያለው አይብ ሲመጣ ብቻ ሳህኑን ቀስ ብላ ወደ ወንድሜ ገፋችው። ጉርሻው ሦስቴ ነበር፣ በሹካ። ሒሳቡ ፕላስ ፕላስ ሆኖ ሲመጣ ደንግጦ ያየኝ ወንድሜ ነው፣ እኔ አስቀድሜ አስልቼዋለሁ።

ነጭ ቆብ፦
እሰይ! ሚጥሚጣው የሠራተኛ ምሳ ላይ ያለው ነው። ሼፉ አላየም ማለት ነው።