የባሌ ቅድመ አያት አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ትመስለኛለች፣ ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት (ሜልበርን)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባሌ እዚሁ ቪክቶሪያ ተወልዶ ያደገ ፈረንጅ ነው፣ እስከዛሬ እንደዛ ነበር የምናውቀው። በቀደም እማዬ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ልጆቹን በኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ስታስቆጥራቸው ትልቋ "የአባባስ?" ብላ ጠየቀችው፣ እሱ አያቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዛ አክስቱ ጋ ሄደን የፎቶ ሳጥን አወረድን። የአያቱ እናት በር ላይ ቆማ የተነሳችው አለ፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ መልኳ የፈረንጅ አይደለም። ቤተሰቡ "ስፓኒሽ ነበረች" ነው የሚለው፣ ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ የለም። የጋብቻ ወረቀቷ ኢቹካ 1912 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ እናት በሚለው ቦታ አንድ ስም ብቻ፣ አባት በሚለው ጭረት። የትውልድ ቦታ "መሪ ወንዝ" ይላል በቃ። የቪክቶሪያ የልደት መዝገብ ላይ ፈልገን አጣናት። አቦርጂናል ትሆን እንዴ ብለን ስናነሳ አጎቱ ተቆጥቶ ወጣ። ዲኤንኤ ላስመርምረው ወይስ የት ነው የሚኬደው? እባካችሁ የምታውቁ።

አቤል ፉትስክሬይ፦

እህቴ ዲኤንኤ ይቀላል፣ ምራቁን ልከሽ በጥቂት ሳምንት ውጤቱ ይመጣል፣ እኔ አሠርቼ የማላውቃቸው የአክስት ልጆች ካናዳ አግኝቻለሁ።

መዝገብ አገላባጭ፦

አቤል ዘመድ ለማገናኘትስ ልክ ነህ፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ዲኤንኤን አትመኩበት። ቅድመ አያቱ ሙሉ አቦርጂናል ብትሆን እንኳ ለሱ የሚደርሰው በአማካይ 12.5 በመቶ ነው፣ እሷ ራሷ ክልስ ከነበረች 6 ምናምን ይሆናል፣ ካምፓኒዎቹ ደሞ የሚያወዳድሩበት የአቦርጂናል ናሙና ጥቂት ስለሆነ "የለም" ቢልሽ የለም ማለት አይደለም። መንግሥትም በዲኤንኤ አይደለም የሚያየው፣ ዘር፣ ራስን እንደዛ ብሎ ማወቅ፣ ማኅበረሰቡ መቀበሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የኔ እህት ቁልፉ ወንዙ ነው። ኢቹካ ቪክቶሪያ ናት፣ ድልድዩን ስትሻገሪ ሞአማ ኒው ሳውዝ ዌልስ ነው። በ1886 ቪክቶሪያ ሕግ አወጣችና ክልስ ሆነው ከ34 ዓመት በታች ያሉትን አቦርጂናሎቹ ከሚኖሩባቸው ሚሽኖች አስወጣቻቸው፣ እናት አባት ውስጥ ልጅ ውጪ ቀረ። ብዙዎቹ ወንዙን ተሻግረው ሞአማ አጠገብ ማሎጋ ሚሽን ገቡ፣ በ1888 ደሞ ሕዝቡ እዛው አካባቢ ኩመራጉንጃ ወደሚባል ሰፈር ተዛወረ። በ1912 ያገባች ሴት የተወለደችው በዛው ሰሞን ነው፣ ስለዚ የልደት ወረቀቷን የኒው ሳውዝ ዌልስ መዝገብ ላይ ፈልጊ፣ 100 ዓመት ያለፈው ልደት እዛ ክፍት ነው። በአባት ስም አትፈልጊ፣ በእናቷ ስምና በአውራጃው ፈልጊ፣ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፣ ብዙዎችም የሠሩበትን የከብት እርባታ ባለቤት ስም ይዘው ቀርተዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የእህት ወንድሞቿን የሞት ወረቀት አውጪ። እሷ ደብቃ ኖራለች፣ ምናልባት አንዷ እህቷ አልደበቀችም። የሞት ወረቀት ላይ የትውልድ ቦታና የወላጅ ስም ይጻፋል፣ በርግጥ የሚናገረው ልጅ ወይ ጎረቤት ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል። ቪክቶሪያ ውስጥ ከሞተች 10 ዓመት ካለፈ ክፍት ነው።

አቦርጂናሎቹን ያስተዳድር የነበረው የቪክቶሪያ "የጥበቃ ቦርድ" ወረቀቶች ደሞ በክልሉ መዝገብ ቤትና በብሔራዊው መዝገብ ቤት ተከፋፍለው ነው ያሉት፣ ሰሜን ሜልበርን ያለው የአርካይቭስ ማዕከል ሄደሽ ጠይቂ። የኒው ሳውዝ ዌልሱ ቦርድ ግን ለቤተሰብ ብቻ በማመልከቻ ነው። ባለቤትሽ ብቻውን አያንብበው፣ "ሃፍ ካስት" (ግማሽ ደም) "ኳድሩን" (ሩብ ደም) እያለ ሰውን እንደ ከብት ነው የሚመዘግበው፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ዘግቼው ነው የወጣሁት።

ነርሷ ከሼፐርተን፦

አጎትየውን አትፍረዱበት እባካችሁ። በ1915 የኒው ሳውዝ ዌልሱ ቦርድ ያለ ፍርድ ቤት ልጅ የመንጠቅ ሥልጣን ተሰጠው፣ ሴቶቹን ኩታሙንድራ የሚባል የልጃገረዶች ማሳደጊያ ወስደው ለፈረንጅ ቤት ሠራተኝነት ነበር የሚያሠለጥኗቸው። ያቺ እናት "ስፓኒሽ ነኝ" ያለችው ልጆቿን እንዳይወስዱባት ሊሆን ይችላል። የኔ ታካሚዎች ብዙዎቹ የዮርታ ዮርታ (የዚሁ ወንዝ አካባቢ አቦርጂናል ሕዝብ) አሮጊቶች ናቸው፣ ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኖርማን ቲንዴል የሚባል ተመራማሪ በ1938 ኩመራጉንጃ ሄዶ የየቤተሰቡን ፎቶ አንስቶ የዘር ሐረጋቸውን በትልልቅ ወረቀት ጽፏል። የተጻፈው እዛ የነበረው ሰው ብቻ አይደለም፣ አግብቶ የሄደም የሞተም አለበት። እህቷ ለቲንዴል የሷንም ስም ጠርታ ይሆናል። ያለው አደላይድ የደቡብ አውስትራሊያ ሙዚየም ነው፣ ካንቤራ ያለው የአቦርጂናል ጥናት ተቋም አያትሲስም ይረዳሻል። ወረቀቱ ሲገኝ ደሞ እዚህ ኑ፣ ሩምባላራ የሚባለውን የአቦርጂናሎች ማኅበር ጠይቁ፣ ሰው ለሰው ይተዋወቃል፣ ግን ቅጽ ለማስሞላት ሳይሆን ቡና ይዛችሁ ለማዳመጥ ኑ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የእህቷን የሞት ወረቀት ትላንት አወጣነው፣ ሼፐርተን ነው የሞተችው። የትውልድ ቦታ "ኩመራጉንጃ" ይላል፣ የእናት ስም ያው ያ አንዱ ስም ነው። ባሌ ሦስቴ አነበበው፣ ከዛ ፎቶውን አምጥቶ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠው። ለሙዚየሙ ስንጽፍ ምን እናያይዝ?

መዝገብ አገላባጭ፦

እንኳን ደስ አላችሁ። ከሱ ጀምራችሁ ወደላይ ውጡ፣ የሱ የልደት ወረቀት፣ የወላጁ፣ የአያቱ፣ ከዛ የ1912ቱ ጋብቻና ይሄ የእህቷ። አንዷም ሰንሰለት አትጉደል፣ ፎቶውንም ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ፣ ዋናውን ግን ከቤት አታውጡት።