ክሪስቶፈል ዜሮ ካልሆነ ቦታው ጎብጧል ማለት ነው?

ኮከቢት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ ተምሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ጄኔራል ሬላቲቪቲን በራሴ እያነበብኩ ነው። ካልኩለስም ሊኒየር አልጀብራም አያስቸግሩኝም። የያዘኝ ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪው ነው፣ በተለይ ኮኔክሽን የሚባለው።

ቦታ ሲጎብጥ ተራው ዴሪቬቲቭ አይበቃም፣ ክሪስቶፈል የሚባሉት የኮኔክሽኑ ቁጥሮች ይጨመሩበት ይላሉ። እሺ ብዬ ለመለማመድ ቀላሉን ያዝኩ፤ ጠፍጣፋ ወረቀት በፖላር ኮኦርዲኔት፣ ርቀቱ አር፣ አንግሉ ቴታ። ስሰራው ክሪስቶፈሎቹ ዜሮ አልሆኑም። አንዱ ኔጌቲቭ አር ነው፣ ሌላው 1 ሲካፈል ለአር። ደጋግሜ አየሁት፣ ያው ነው። ወረቀቱ ግን ጠፍጣፋ ነው!

ታዲያ ክሪስቶፈል ጉብጠትን ካልለካ ምንድን ነው የሚለካው? ጉብጠቱንስ የት ነው የማገኘው? ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከአንስታይን ውጭ የሚጠቅምበት ቦታ አለ ወይ? ቀመር ሸምድጄ ማለፍ አልፈልግም፣ እንዲገባኝ ነው የምፈልገው።

ጂኦዴሲክ፦

ኮከቢት፣ ስሌትሽ ትክክል ነው። ጥያቄሽም የነገሩ እምብርት ላይ ነው ያረፈው።

ክሪስቶፈል የሚነግርሽ ስለ ቦታው አይደለም፣ ስለ መለኪያ አቅጣጫዎችሽ ነው። በፖላር ኮኦርዲኔት "ወደ ውጭ" የሚለው አቅጣጫ ከነጥብ ነጥብ ይለያያል። ከመሃሉ በስተምስራቅ ብትቆሚ ወደ ውጭ ማለት ምስራቅ ነው፣ በስተሰሜን ብትቆሚ ደግሞ ሰሜን። ስለዚህ አንድን ቬክተር ምንም ሳታዞሪው ከዚህ እዚያ ብትወስጂው ቬክተሩ ያው ሆኖ ሳለ የሚጻፍበት ቁጥር ይቀየራል፣ ክሪስቶፈል ያንን የሚያስተካክል ሂሳብ ነው። በኤክስና በዋይ ብትሰሪው ሁሉም ዜሮ ይሆናል። ኮኦርዲኔት ስለተቀየረ ብቻ የሚጠፋ ነገር ደግሞ የቦታው የራሱ ጠባይ ሊሆን አይችልም።

ጉብጠቱን ለማግኘት ቬክተሩን አዙረሽ ወደ ተነሳበት መልሺው። ሉል ላይ እንሞክረው። የምድር ወገብ ላይ፣ ኬንትሮስ 0 ላይ ቁሚ። በእጅሽ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስት ያዢ። በምድር ወገብ ላይ ወደ ምስራቅ ሂጂ፣ ኬንትሮስ 90 እስክትደርሺ። ቀስቱን አላዞርሽውም፣ አሁንም ሰሜንን ያያል። ከዚያ ቀጥ ብለሽ ወደ ሰሜን ዋልታ ውጪ፣ ቀስቱ ፊት ፊትሽን ያያል። ዋልታው ላይ አንቺ ብቻ ዙሪና፣ ቀስቱን ሳትነኪ፣ በኬንትሮስ 0 ወደ ተነሳሽበት ውረጂ። ስትደርሺ ቀስቱ ምዕራብን እያየ ነው።

በየትኛዋም እርምጃ አላዞርሽውም፣ እሱ ግን 90 ዲግሪ ዞሯል። የተጓዝሽበትን ሶስት ማዕዘን ደግሞ ተመልከቺ፤ ሶስቱም ማዕዘኖች 90፣ ድምራቸው 270። ከ180 የተረፈው 90 ነው። ይሄ ትርፍና ቀስቱ የዞረበት አንድ ነገር ናቸው። ሪማን ቴንሰር የሚባለው የጉብጠት መለኪያ ይህንኑ ዙር እጅግ በጣም አሳንሶ በየነጥቡ የሚሰራ ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ግን በፖላርም ብትሰሪው፣ በፈለግሽው መንገድ ብትዞሪ፣ ቀስቱ እንደ ነበረ ይመለሳል። ሪማኑን ራስሽ አስዪው። ከክሪስቶፈሉ ዴሪቬቲቭ ኔጌቲቭ 1 ይመጣል፣ ከብዜታቸው 1 ይመጣል፣ ተጣፉ። ይህን አንድ ጊዜ በእጅ መስራት ብዙ ገጽ ከማንበብ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቀያሹ፦

ከአንስታይን ውጭ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ እኛ ቀያሾች በየቀኑ እንገለገልበታለን።

ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ ራሱ በ1820ዎቹ የሃኖቨርን መሬት ተራራ ለተራራ እየዞረ ይቀይስ ነበር። ከለካቸው ትላልቅ ሶስት ማዕዘኖች አንዱ በብሮከን፣ በሆኸር ሃገንና በኢንዝልስበርግ ተራሮች መካከል ያለው ነው፤ ረጅሙ ጎኑ 107 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ምድር ክብ ስለሆነች የማዕዘኖቹ ድምር ከ180 ዲግሪ በ15 ሰከንድ ያህል ይበልጣል፣ ሰከንድ ማለት እዚህ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ጂኦዴሲክ 90 ዲግሪ ያለው ትርፍ እዚህ ጋ ይህችን አከለ። ቀመሩ ግን አንድ ነው፤ የሶስት ማዕዘኑ ስፋት ሲካፈል ለሬዲየስ ስኩዌር።

በ1827 ያቀረበው ቴዎረም ደግሞ ጉብጠትን ከገጹ ላይ ሳይወጡ፣ ርቀት በመለካት ብቻ ማወቅ ይቻላል ይላል። ለእኔ ከሂሳብ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። እንጀራ ብትጠቀልይ በላዩ ላይ ያሉት ርቀቶች አይለወጡም፣ ስለዚህ በጋውስ ሚዛን ጉብጠቱ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። ኳስ ላይ ግን ሳይሸበሸብ ወይም ሳይቀደድ አይለብስልሽም። ካርታ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ የሚያዛባው ለዚህ ነው፣ የፈለገ ቢጠበቡበት።

የኮኦርዲኔቱን ነገርም በስራ ላይ እናየዋለን። የቆዩት የአገራችን ቶፖ ካርታዎች በአዲንዳን ዴተም (ዴተም ማለት ኮኦርዲኔቶቹ የሚለኩበት መነሻ ነው)፣ በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ፣ ማለትም ምድርን በሚወክል ሞላላ ቅርጽ፣ የተሰሩ ናቸው። ጂፒኤስ የሚሰጥሽ በሌላ ዴተም ነው። ሳትቀይሪ ነጥቡን እላዩ ላይ ከጣልሽ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። መሬቱ ንቅንቅ አላለም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የተለየው። ጂፒኤስ ካነሳን አይቀር፣ የሳተላይቶቹ ሰዓት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ብርሃን በአንዷ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። እርማቱ ባይኖር ስህተቱ በቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠራቀም ነበር።

ኮከቢት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የቀስቱ ነገር በጣም ገባኝ።

ግን ሌላ ጥያቄ ወለደብኝ። በነፃ የሚወድቅ ነገር የሚሄድበትን መንገድ በሚሰጠው በጂኦዴሲክ ኢኩዌሽን ውስጥ የኒውተንን ስበት ቦታ የሚይዘው ክሪስቶፈሉ ነው። ክሪስቶፈል ደግሞ ኮኦርዲኔት ሲቀየር ይጠፋል ተባለ። ታዲያ ስበት የለም ልንል ነው?

ታንጀንት፦

ግማሹ አዎ ነው። ከወደቀ ድንጋይ ጋር አብረሽ ከወደቅሽ ክብደት አይሰማሽም። አንስታይን በ1907 የያዘው ሃሳብ ይሄው ነው። በነፃ በሚወድቅ ሰው ኮኦርዲኔት፣ እሱ ባለበት ነጥብ ላይ ክሪስቶፈሎቹ ዜሮ ይሆናሉ።

የማይጠፋው ሌላ ነው። ሁለት ድንጋይ ከከፍታ ጎን ለጎን ልቀቂ። ሁለቱም ወደ ምድር መሃል ስለሚያመሩ እየወረዱ በጥቂቱ ይቀራረባሉ። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ብትለቂያቸው ደግሞ የታችኛው ይበልጥ ስለሚሳብ ይራራቃሉ። ይህንን በምንም ኮኦርዲኔት አታጠፊውም፣ ሪማን ነው። ጨረቃ የባህሩን ውሃ ከፍና ዝቅ የምታደርገውም በዚሁ ነው።

ጂኦዴሲክ ባለው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሮቹ የኮኦርዲኔት ጉዳይ ቢሆኑም ኮኔክሽኑ ራሱ እውነተኛ ነገር ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ያለን ቬክተር ከሌላ ነጥብ ቬክተር ጋር እንዴት እንደምናወዳድር የሚወስን ሕግ ነው። ለዚህም ማስረጃው ከስበት ውጭ ይገኛል። በኤሌክትሮማግኔቲዝም ፖቴንሻሉ የክሪስቶፈልን ቦታ ይይዛል፣ ፊልዱ የሪማንን። የሚዞረው ቀስት የኤሌክትሮኑ ፌዝ ነው፣ ማለትም ሞገዱ በዙሩ ውስጥ የደረሰበት ደረጃ። በ1959 አሃሮኖቭና ቦም አንድ ነገር አሳዩ፤ ኤሌክትሮን ማግኔቲክ ፊልድ ጨርሶ በሌለበት መንገድ ቢያልፍም፣ መንገዱ ፊልድ ያለበትን ቦታ ከከበበ ፌዙ ይቀየራል። በ1986 የቶኖሙራ ቡድን ጃፓን ውስጥ በጥሩ ሙከራ አረጋገጠው። ያንግና ሚልስ በ1954 የጻፉት ቲዎሪም የዚሁ ዘር ነው፣ ዛሬ ጠንካራውን የኑክሌር ኃይል የምንገልጸው በእሱ ነው። ስለዚህ ኮኔክሽን ላይ የምታጠፊው ጊዜ በፍጹም አይባክንም፣ በሁለቱም በኩል ይከፍልሻል።

እስቲ አንድ ስራ ልስጥሽ። የፎኮ ፔንዱለም (በረጅም ገመድ የተንጠለጠለ ከባድ ኳስ) የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ከመሬቱ አንፃር በቀን 360 ሲባዛ በኬክሮሱ ሳይን ያህል ዲግሪ ይዞራል። ለምትኖሪበት ከተማ አስልተሽ አምጪው።

ኮከቢት፦

አዲስ አበባ ነኝ፣ ኬክሮሱን 9 ዲግሪ ወሰድኩ። በቀን 56 ዲግሪ ገደማ ወጣ። ሙሉ ዙር ለመጨረስ ስድስት ቀን ተኩል ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ከቀስቱ ጋር የሚገናኘው ግን እንዴት ነው?

ታንጀንት፦

ልክ ነሽ። ፎኮ በ1851 ያሳየባት ፓሪስ ላይ በ32 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ግንኙነቱን ለማየት 56ን ከ360 ቀንሺ፣ 304 ዲግሪ። አሁን ከአዲስ አበባ ኬክሮስ በስተሰሜን ያለውን የምድር ስፋት ለሬዲየስ ስኩዌር አካፍዪና ወደ ዲግሪ ቀይሪው።

ኮከቢት፦

304! ቀያሹ የሰጠኝ ቀመር ነው እኮ።