የዓሣ እሾህ ሲወጋ ሙቅ ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?

ጠላቂው፦ የላየንፊሽ (መርዛማ እሾህ ያለው የባሕር ዓሣ) እሾህ ጣት ላይ ሲሰካ እጅን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ነው ይባላል። ስንት ዲግሪ? ለስንት ደቂቃ? በረዶ የሚሉ አሉ፤ መርዙ ወደ ልብ እንዳይሄድ ክንድን ጠፍሮ ማሰር ነው የሚሉም አሉ። የቱን እንመን?

የድንገተኛ ነርስ፦ ማሰሩን ተዉት። የዚህ መርዝ ጉዳት በአብዛኛው እዚያው የተወጋው ቦታ ላይ ነው፤ ደም ስታግዱበት ሥጋው ይብስበታል። በረዶውም ይቅር።

ጣቱ ሳያብጥ ቀለበት ይውለቅ፣ በኋላ በመጋዝ ካልሆነ አይወጣም። ውሃው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ከ45 አይለፍ። ቴርሞሜትር ከሌለ ባልተወጋው እጅ ሞክሩት፦ በደንብ የሚሞቅ፣ ግን እጅን ከትቶ መቆየት የሚቻልበት። በተወጋው እጅ መለካት ያሳስታል፤ ሕመሙ ሌላ ስሜት አያሰማም። ከመርዙ ተርፎ በውሃው የሚቃጠል ሰው አለ። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከር። ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ እጁ ይውጣ፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ ይጨመር፣ ይማሰል፣ ተሞክሮ ይመለስ። እጅ እያለበት የፈላ ማፍሰስ አይሆንም። ወጥቶ ሕመሙ ካገረሸ እንደገና ይነከር።

ቁስል አጣቢ፦ ነርሷ ያለችው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ እሾሁ ነው። ከላይ የሚታየው ስባሪ በወረንጦ ቀጥ ብሎ ይሳብ፤ ቆዳ እየቆፈሩ መፈለግ ግን የሐኪም ሥራ ነው። እሾሁን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ሲወጋ ተቀዶ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ኤክስሬይም አያሳየውም። ስለዚህ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ብዙ ይታጠብ፣ አይሰፋ። የስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) እሾህ አንገት፣ ደረት ወይም ሆድ ላይ ከተሰካ ግን አትንኩት፤ እንዳለ ሆስፒታል ይሂድ።

የቴታነስ ክትባት ይጣራ። ስኳር ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ቀይ መስመር፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወይም ትኩሳት እስኪያይ አይጠብቅ፤ ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ቪብሪዮ የሚባለው የባሕር ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ሊያበሰብስ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ማደንዘዣ የተወጋ እጅ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይገባም። ቢቃጠልም አይሰማውም።

ጠላቂው፦ አመሰግናለሁ። የሞተ ዓሣስ? ስቶንፊሽም (ድንጋይ የሚመስለው መርዛማ ዓሣ) እንዲሁ ነው የሚታከመው?

የድንገተኛ ነርስ፦ የሞተም ይወጋል፣ መርዙም ይሠራል፤ ሲያጸዱ ወፍራም ጓንት ይደረግ። ስቶንፊሽ በጀርባው 13 እሾህ አለው፤ የመጀመሪያ እርዳታው ያው ሙቅ ውሃ ቢሆንም ሕመሙ እጅግ ይከፋል፣ ልብና ትንፋሽንም ሊያውክ ስለሚችል እየነከሩ መቆየት ሳይሆን ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ነው። ለሱ በአውስትራሊያ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ማርከሻ አለ፣ ጡንቻ ላይ ይወጋል። መጠኑ በቀዳዳው ብዛት ነው፦ ለ1 ወይም 2 ቀዳዳ 1 ብልቃጥ፣ ለ3 ወይም 4 ደግሞ 2፣ ከዚያ ለበለጠ 3። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩና ለሐኪሙ ንገሩት።