የዶሮዬ ጀርባ ተልጦ ደማ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ፣ ደሴ ነኝ። ጓሮ 6 ሴት ዶሮና 3 የ5 ወር አውራዎች አሉኝ፣ ዛሬ ጠዋት አንዷን ሳያት ጀርባዋ ላይ ላባው ተነቅሎ ቆዳዋ የጣት ያህል ተሰንጥቆ ደም ረግቶበታል፣ በጣም አሳዘነችኝ፣ ምን ላድርግላት?

— አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ለብቻዋ አርጊያት፣ ደም ካዩ ሌሎቹም ይነቁሯታል። ውሃ አፍልተሽ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ጨው ጣል አርገሽ እጠቢላት፣ ከዛ አዮዲን ቀቢያት። ዝንብ እንዳያርፍበት ብቻ፣ ትል ያወጣል!

— ችግሩ እኮ አውራዎቹ ናቸው። ለ6 ዶሮ 1 በቂ ነው፣ 3ቱ እየተሻሙ ሲወጡባት ነው በጥፍራቸው የሚልጧት። 2ቱን ለይተሽ እሰሪ ወይ ሽጪ። ጫጩት ካልፈለግሽ ደግሞ ያለ አውራም እንቁላል ይጥላሉ።

— አላህ ይስጣችሁ፣ አጥቤ ካርቶን ውስጥ ገለባ አንጥፌላታለሁ፣ አሁን ጥሬ መልቀም ጀምራለች።