ክርክር፦ ደሴ ቦሩ ሜዳን አሳደገቻት ወይስ ዋጠቻት?

አድሚን፦ ሰላም የደሴ ልጆች እንዴት ዋላችሁ። ትናንት አንዱ "ቦሩ ሜዳ የደሴ ሰፈር ናት፣ ከዛ ውጪ ምንም ሆና አታውቅም" ብሎ ፖስት አድርጎ ከስሩ የወረደው ስድብ ለጉድ ስለነበር ዘግቼዋለሁ። ዛሬ በሥርዓት እንየው። ቦሩ ሜዳ፣ ገራዶ፣ ጢጣ፣ እነዚህ ገጠር የነበሩ ቦታዎች ከከተማው ጋር መጠቃለላቸው ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው? ሃይማኖት የሚሳደብ ይወጣል፣ አለቀ።

ከቶሳ ስር፦ ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ ነው የመጣው። በ1870 አፄ ዮሐንስና ምኒልክ ከነሊቃውንቱ ቦሩ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሦስት ልደትና ተዋሕዶ የተባሉትን የቤተ ክርስቲያን ትምህርቶች ክርክር ሲያስቆርጡ ደሴ የሚባል ከተማ የታለና ነው? ደሴ ከተማ የሆነችው ከዛ ወዲህ ነው፣ በተለይ የወሎው ገዢ ራስ ሚካኤል መቀመጫቸው ካደረጓት በኋላ። እና ታላቂቱን የታናሺቱ ሰፈር አድርጎ መጻፍ ምን ይሉታል? ነገ ልጆቻችን "ደሴ ከተማ ውስጥ የተደረገው ጉባኤ" ብለው ሊማሩ ነው ማለት ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦ ወንድሜ ታሪኩስ ሸጋ ነው ግን ደሴ የት ትሂድ? በአንድ በኩል ቶሳ ተራራ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሃል ላይ ቦርከና ወንዝ፣ ተዳፋቱ ላይ የሠራው ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር መሬቱ እየተንሸራተተ ግድግዳው ሲሰነጠቅበት ነው የሚከርመው። ሜዳ ያለው ወይ በሐይቅ መውጫ ቦሩ ሜዳ ነው ወይ ወደ ገራዶ ነው፣ ሌላ የለም። ከተማው እዛ ሄደ እንጂ ማንንም ልዋጥ ብሎ አልተነሳም። ደግሞ መንገድና መብራት ሲደርስ ለምን የዛኔ "ማንነታችን" አላላችሁም 😀

የሰኞ ገበያዋ፦ አድሚን ይሄ ስድብ አይደለም ታሪክ ነው እንዳታጠፋብኝ። ከቶሳ ስር ያልከው ጉባኤ ለአንዱ ወገን ክብር ነው፣ ለሌላው ግን የወሎ እስላም ክርስትና ተነሳ የተባለበት ነው። የወሎ ገዢዎቹ ኢማም መሐመድ አሊ "ሚካኤል" የተባሉት፣ አባ ዋጠው "ኃይለ ማርያም" የተባሉት በዛ ሰበብ ነው፣ የእስልምና ሊቁ ሸህ ጦልሃም በዛው ጉዳይ ነው ያመፁት። እና "የቦሩ ሜዳ ታሪክ ይከበር" ስትሉ የቱ ነው የሚከበረው? የመታሰቢያ ሰሌዳ ይቁም ከተባለ ሁለቱም ካልተጻፈበት ወላሂ ባይቆም ይሻላል።

ከቶሳ ስር፦ እህቴ ሁለቱም ይጻፍ፣ ማን ይከለክላል። እኔን የቸገረኝ ጸሐፊው ማነው የሚለው ነው። ቦታዋ የራሷ ምክር ቤት የራሷ ጽሕፈት ቤት ከሌላት የሚጽፈው ከተማው ነው፣ ከተማው ደግሞ የሚጽፈው ለምረቃ በዓል ብሮሹር ነው እንጂ ያንቺንም የኔንም አያቶች አስቦ አይደለም።

ገራዶ ነኝ፦ እናንተ 1870 ትላላችሁ እኛ ቤት የሚወራው የመሬት ካሳ ነው። በ455/1997 አዋጅ ከመሬቱ ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ የሚከፈለው ያለፈው 5 ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። ገብስና ባቄላ ከዘራህ የገብስና የባቄላ ገቢ ነው የሚቆጠርልህ። ያው መሬት ግን ከዛ በኋላ ከተማ ሆነ ተብሎ በ721/2004 የሊዝ አዋጅ ጨረታ ይወጣና ባለገንዘቡ በካሬ ይወዳደርበታል። ለአባቴ በገብስ ተተመነ፣ ለገዢው በአስፋልት ተተመነ፣ በመሃል ያለውን ልዩነት ማን በላው ብዬ ብጠይቅ "የመንግሥት ነው" ይሉኛል። እና ጠቀመ ወይስ ጎዳ ላልከው አድሚን፣ ማንን?

ጠበቃው፦ ከሱ በኋላ የወጣው 1161/2011 አዋጅ ይሄን አሻሽሎታል። ምትክ መሬት ካልተገኘ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ባለይዞታው ራሱ ማልማት ከቻለም ቅድሚያ የማልማት መብት አለው። ገና ያልተነሳችሁ ይሄን ይዛችሁ ተከራከሩ፣ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ።

ገራዶ ነኝ፦ አብሽር ጠበቃው ሕጉንማ አነበብነው። "ማልማት ከቻለ" የምትለዋን ቃል ተመልከታት፣ ፎቅ የሚያቆም ገበሬ አሳየኝና እፈርምልሃለሁ። 15 ዓመትስ ቢሆን ብሩ አንዴ ተቆጥሮ ይሰጥሃል ኑሮው ግን በየዓመቱ ይጨምራል፣ መሬት ግን ለልጅም ለልጅ ልጅም ነበር።

ፒያሳ ጀበና፦ ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። የነዚህ የገጠር ቀበሌዎች ድንበር ራሱ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ አይደለም፣ የ1967 የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር ይቋቋም ብሎ ነው የተከለለው፣ 20 ጋሻ ማለት ነው። ከዛ በኋላም ስንቴ ተጣመረ ተከፈለ። በደርግ ገመድ የተለካን ነገር "ታሪካዊ ማንነታችን" ብላችሁ ስታለቅሱ ይገርመኛል። አቃቂን እዩ፣ አቃቂ በሰቃ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፣ የባቡር ጣቢያ ያላት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ አዲስ አበባ ገብታ ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ናት። ማን ሞተ?

የሰኞ ገበያዋ፦ ማንም አልሞተም፣ ግን ዛሬ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ አቃቂ ለብቻዋ ከተማ እንደነበረች ያውቃል? ስሟ ታፔላ ላይ ብቻ ቀርቶ ነገርዬው ጠፋ፣ እኛም የምንለው ይሄንኑ ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦ ቆይ ሆስፒታሉንስ ማን አነሳው? ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሚሲዮኖች ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተጀመረ ነው፣ ዛሬ ግን ስንቱ የደሴ ሰው ነው እዛ የሚታከመው። ሜዳዋ ከተማውን ካገለገለች ስንት ጊዜዋ፣ አሁን አገልግሎቱ ወደሷ ይሂድ ብንል ምን ክፋት አለው።

ከቶሳ ስር፦ ይሄን ባልክበት አፍህ ነው የኔን ነገር የምትደግፈው እኮ። ከተማው የማይፈልገውን ወደ ዳር ሲልክ ኖሮ አሁን መሬት ሲያጥረው "የኛ ነሽ" አላት። እሺ የኛ ትሁን፣ እንደ ታላቅ እህት ወይስ እንደ ትርፍ ቦታ?

ገራዶ ነኝ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ቀበሌ ወደ ከተማ ሲጠቃለል የመሬት ይዞታ መዝገቡ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የገበሬ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጥ፣ ሰው ገብቶ እንዲያነበው ይፈቀድለት። የካሳ ክርክርም የሚፈታው በሱ ነው፣ ጠበቃው ይመስክር።

ጠበቃው፦ እውነት ነው። ይዞታ አለኝ ያለ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል፣ የይዞታ ደብተሩ የጠፋበት ደግሞ ያለው ተስፋ መዝገቡ ነው።

ፒያሳ ጀበና፦ በዚህ እስማማለሁ። መዝገብ ይጠበቅ፣ ለቅሶው ይቅር።

አድሚን፦ ኮሜንቱን አልዘጋም። ከቦሩ ሜዳም ከጢጣም ያላችሁ የድሮ የማኅበር ደረሰኝ ወይ ቃለ ጉባኤ ያለው ሰው ፎቶ አንስቶ ይለጥፍልን፣ ስምና ፊርማ ሸፍናችሁ።

ገራዶ ነኝ፦ ማታ ቤት ስገባ ከአባቴ ሳጥን አወጣለሁ፣ እሺ ካለኝ።